ደባርቅ ላይ የቀረበ ፊልም

የደባርቅ ሰዎች ያንን ቀን ሲያነሱ «በፊልሙ ጊዜ» ይላሉ። «እገሌ በፊልሙ ጊዜ የሄደ ነው» ይላሉ፣ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ የወሰደው ይመስል። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፊልሙ ማንንም አልወሰደም። ፊልሙ አፍ እንኳን አልነበረውም። የወሰዷቸው ስም ያላቸው፣ ደመወዝ የሚበሉ፣ እሁድ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገረው።

በደርግ ዘመን፣ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ደባርቅ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ስለሆነ የደባርቅን ብርድ አልቻልኩትም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሲያለብሰው ተማሪዎቼን ሳላያቸው በድምፃቸው ነበር የምለያቸው። የሚነበብ መጽሐፍ የለም፤ ያለው ሁሉ የፓርቲ ነው። ሬዲዮኑም ከማርሽ ሌላ አያውቅም። ወጣት ነበርኩ፤ ድርቀቱ ከብርዱ ይልቅ ያስመርረኝ ነበር።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል ርዕሰ መምህሩ እኔንና የፊዚክስ መምህሩን የትምህርት ቤቱን መጋዘን እንድናጸዳ አዘዘን። የፊዚክስ መምህሩ የጎጃም ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ከመጫወት ከመሣሪያ ጋር መጫወት የሚቀናው ዝምተኛ። በኋላ ባሌ ሆኗል፤ ያኔ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘን። ውስጡ ፕሮጀክተርና በክብ ቆርቆሮ የታሸገ ፊልም አለ። ከአብዮቱ በፊት እዚያ ያስተምሩ የነበሩ ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት ነው። መምህሩ አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና «ይኼ ይሠራል» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣውም፤ መጋዘኑን ግን እኔ ብቻዬን ጠረግሁት።

ክረምቱን ሙሉ ሲፈታውና ሲገጥመው ከረመ። መስከረም ላይ ከጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ተዋስን፣ የላቦራቶሪውን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን አየነው። ፊልሙ ገና ድምፅ ሳይፈጠርለት በፊት የተሠራ ነበር። ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ምንም አይሰማም። በየመሀሉ ሥዕሉ ይጠፋና በጥቁር ላይ በነጭ ፊደል ጥቂት ስንኞች ይወጣሉ። ታሪኩ ከአንድ ረጅም ግጥም የተወሰደ ነው፤ ስንኞቹ የዚያ ግጥም ቁራጮች ናቸው።

ነገሩ የጥንት ነው። አንድ ባላባት ልጁ ለሰው ዓይን እንዳትታይ ብሎ ግንብ ያሠራል። ግንቡን ከሚሠሩት ድንጋይ ጠራቢዎች አንዱ ግን አሳቻ ቦታ ላይ ትንሽ መስኮት ያበጅላታል። በዚያች መስኮት ይተያያሉ፣ ይዋደዳሉ። ባላባቱ ሲደርስበት ጠራቢውን ለንጉሥ ጦርነት አሳልፎ ይሰጠዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰውየው ዓይኑ ጠፍቶ ይመለሳል። ግንቡን በእጁ እየዳሰሰ ይዞርና እርሱ የጠረበውን ድንጋይ በጣቱ ያውቀዋል። እርሷም ከውስጥ እጇን ታወጣለች። አለቀ። ጄኔሬተሩን ስናጠፋው የፊዚክስ መምህሩ ዓይኑን እያሸ «ጭሱ ነው» አለ።

ለሕዝብ እናሳየው ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ድምፅ የሌለውን ፊልም፣ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሕዝብ፣ እንዴት? አንድ ሰው እያየ መናገር አለበት። ተራ ወሬ አድርጌ ልናገረው ደግሞ ልቤ አልፈቀደም፤ ግጥም ነዋ።

አጥር የሚለየን ጎረቤቴ የደረስጌ ሰው የሆኑ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ሲበታተኑባቸው የእህታቸውን ልጅ ተጠግተው ደባርቅ ተቀምጠዋል። ሄጄ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣

«ግጥሙ በገዛ ቋንቋው ቤት ይመታል?» አሉኝ።

«ይመታል፣ የኔታ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

እንግሊዝኛውን አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አይገባቸውም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ስጨርስ «ሰውየው ሲዘምት ዜማው ይሰበራል። እኛም እዚያ ላይ እንሰብረዋለን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ ሥር ተቀምጠን እኔ አንዱን ስንኝ እተረጉማለሁ፣ እርሳቸው ያስተካክሉታል፣ ወይ ጥለውት ሌላ ያመጣሉ። ስለ መስኮቱ የሰጡኝ ይህ ነበር፤

አባት ግንብ ሠራ ልጁን ሊሰውራት፤
ጠራቢው በድንጋይ ብርሃን ሠራላት።

በሕይወቴ እንደዚያን ወራት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ይህን የምናገረው ምን እንደወሰዱብን እንዲታወቅ ነው።

ያለ ፈቃድ ሦስት ሰው መሰብሰብ በማይቻልበት ዘመን ፊልም ለማሳየት ወደ ወረዳው ካድሬ መሄድ ግድ ነው። ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ልምምዳችንን ልይ ብሎ መጣ። እኔ ሳነብ በጣቱ የወንበሩን ክንድ እየመታ ዜማውን ይከተላል። ሲያልቅ «እንዴት ያለ ግጥም ነው» አለ፤ የምሩን ነበር። ከሁሉም ይልቅ ይህ ነው የሚያበግነኝ። ግጥም የማይገባው ደንቆሮ ቢሆን ኖሮ እንደ ደንቆሮ እንቀው ነበር። ገብቶታል፣ ወዶታል፣ ከዚያም ያደረገውን አደረገ።

የጠየቀው ማስተካከያ አንድ ብቻ ነበር። «ባላባት» የሚለው «ፊውዳል» ይባል አለ። ሄጄ ለየኔታ ስነግራቸው፣ «ፊውዳል ከበደል ጋር ይገጥማል። ይሁንለት» አሉ።

ፈቃዱን ሲሰጠኝ ካድሬው እጄን ጨበጠኝ። «በነፃ ይሁን። በገበያ ቀን ይሁን። የገጠሩም ወጣት ይይ እንጂ፣ ጥበብ የከተማ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። ሕዝብን የሚወድ ሰው መስሎኝ አመሰግነው ነበር። በኋላ ከቀበሌው ሊቀ መንበር አፍ እንደሰማነው ወረዳው የወታደር ኮታ ተጥሎበታል፤ የገጠሩ ጎልማሳ ደግሞ ታጣቂ ሲያይ ወደ ገደሉ እየወረደ አልያዝ ብሏል። ታጣቂ ገደል ለገደል ከሚያሳድድ፣ ራሳቸው በእግራቸው የሚመጡበት ነገር ሲፈልግ እኛ ደረስንለት።

አዝመራ የተሰበሰበበት ወር ነበር። የቀበሌውን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋረድን፣ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ከገበያው በቀጥታ መጣ። መቀመጫው አልበቃ ብሎ ቆሞም ሞላ። ፊት ለፊት፣ እግሬ ሥር ማለት ይቻላል፣ አንድ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ከጊች ገብስ ይዘው የወረዱ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። በቅሏቸውን ከነጭነቷ ደጅ አስረው ነው የገቡት። ባልየው ፊልም አይቶ አያውቅም፤ ሥዕሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ፈነጠዘ። ትንሽ ቆይቶ ግን ተጨነቀና ጮክ ብሎ ጠየቀኝ፣

«ይኼ ሰውዬ አፉ እየተንቀሳቀሰ ለምን አይሰማም?»

«ፈረንጅ ድምፁን ሊሰጠው ረስቷል። እኔ እናገርለታለሁ» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያ በኋላ ማንም አላቋረጠኝም። ሰው ሁሉ የየኔታን ስንኝ እንደ ውሃ ነበር የሚጠጣው። ስለ መስኮቱ ሳነብ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አበጀህ» አለ፣ ለጠራቢው።

ጠራቢው ሊዘምት ሲል ነው በሩ የተከፈተው ብል ታሪክ ያምርልኝ ነበር። አይደለም። አንድ የሚያስቅ ትዕይንት ላይ ነው፤ ባላባቱ ግብር አብልቶ፣ አንድ ውሻ ከማዕዱ ሥጋ ነጥቆ ሲሮጥ፣ አሽከሮቹ ሲያሳድዱት። ሰው በሳቅ እየፈነዳ ነበር። በሳቁ መካከል ሁለቱም በሮች ተከፈቱ፣ ወታደሮችና የቀበሌ ታጣቂዎች ገቡ፣ በሮቹ ተመልሰው ተዘጉ። ብዙ ሰው ለጥቂት ጊዜ መሳቁን አላቆመም፤ ገና አላየማ።

«ሴቶችና ሽማግሌዎች በዚህ በኩል ውጡ። ሌላው ከተቀመጠበት አይነሳ» አለ አንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያንገበግበኛል። ጎልማሶቹን በክንዳቸው እየያዙ ማስነሳት ጀመሩ። እናቶች ልጆቻቸውን አንገት ለአንገት አንቀው ይዘዋል። የፊዚክስ መምህሩ ፕሮጀክተሩን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ወታደሩ «ይቀጥል፣ ብርሃኑን እንፈልገዋለን» አለው። ስለዚህ ፊልሙ ቀጠለ። ውሻው ሥጋውን ይዞ ይሮጣል፣ የግብሩ ሰዎች ይስቃሉ፣ ከሥዕሉ በታች ሰው ይጎተታል። የጊቹ ሰው ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ አልገባውም። «እኔ ገብስ ልሸጥ ነው የመጣሁ። በቅሎዬ ደጅ ናት» ይላል ደጋግሞ። ሁለት ወታደሮች አንጠልጥለው አነሱት።

ያን ጊዜ የፊዚክስ መምህሩ ጎንበስ ብሎ የጄኔሬተሩን ገመድ በእግሩ ጎተተው። አዳራሹ ጨለመ። ብርድ ልብሱን እየቀደዱ በመስኮት የዘለሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ሲያገኙት እጁን ይስሙታል። እርሱን ግን በሰደፍ ትከሻው ላይ መቱት። ያ ክንዱ እስከ ዛሬ ከደረቱ በላይ አይነሳም። የተያዙትን ሸራ በለበሱ ካሚዮኖች ጭነው በጎንደር መንገድ ወሰዷቸው። በዚያው መንገድ የከተማው መውጫ ላይ ኬላ ዘግተው ሰው እንዳይወጣ፣ ወሬ ወደ ዳባት እንዳይሻገር አደረጉ። ካድሬው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የእንደዚህ ዓይነቱ ሰው እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

በነጋታው አንዲት እናት ደጄ ላይ ቆማ ረገመችኝ። «በግጥም ጠርተሽ አስበላሽው» አለችኝ። ልቧ ስለተቃጠለ ዝም አልኳት፤ ግን ጥፋቱን አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም። ጭነቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ከተሸከምኩለት ካድሬው ቀሎት ይሄዳል።

እርሷ ከሄደች በኋላ የጊቹ ሰው ሚስት መጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አድራለች። በቅሏን ትስባለች፣ ገብሱ እንደተጫነ ነው።

«እትዬ፣ ትናንት ሲያነቡ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

እርግማን ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ያ ድንጋይ ጠራቢ መጨረሻው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ወደ ጦርነት ይወስዱታል» አልኩ።

«እርሱንስ ጠርጥሬያለሁ። ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ዓይኑ ግን ይጠፋል።»

«ይመለስ እንጂ እኔ እመራዋለሁ» አለች። ስለ ፊልሙ አልነበረም የምታወራው። ግቢ፣ እህል ቅመሺ ብላት እምቢ አለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ልውጣ ብላ በቅሎዋን አዙራ ሄደች። እኔ ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ትራሴን በጡጫ መታሁት። ሌላ የምመታው ነገር አልነበረኝም።

ካድሬው ሁለት ቀን አልቆየም። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ በር አንኳኩቶ ጠራኝ።

«ጓድ፣ የደባርቁ ዝግጅት በጣም የተሳካ ነበር» አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አያላግጥም። «በሳምንቱ ዳባት እናሳያለን። በገበያው በድምፅ ማጉያ የምታስተዋውቂው አንቺ ነሽ። ድምፅሽን ሕዝቡ ወዶታል።»

«ብቀርስ?»

«የፊዚክስ መምህሩ ጉዳይ ገና አልተዘጋም። አንቺ ስትተባበሪ ለእርሱም ጥሩ ነው።»

እጄ ላይ የነበረው ጠመኔ ተሰበረ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምለው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላልኩትም። «ለዚህ ነው ወይ ግጥሙን የወደድከው?» አልኩት። ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

ማታውን ከአጥሩ ማዶ ላሉት የኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው። በመቋሚያቸው መሬቱን ወጉ።

«ዳባቶች ምን ሰምተዋል?» አሉኝ።

«ሸራ የለበሰ መኪና ሲያልፍ አይተዋል። በምን እንደተያዙ ግን አልሰሙም፤ ኬላው ተዘግቷል።»

«በገበያው የምትናገሪው ምን እንደሆነ ሰጥተውሻል?»

«ራስሽ በግጥም አድርጊው ብሎኛል።»

«እንግዲያማ ሂጂ» አሉ። «ቅሪ አልልሽም። በግጥም ከጠየቀ በግጥም እንሰጠዋለን።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ይህን ሰጡኝ፤

ዳባት ምን ጎደለሽ ለምን ትያለሽ ዝም፤
ስንት ነው ደባርቅ ላይ የቀረበ ፊልም።

ሰሙ ማስታወቂያ ነው፤ ደባርቅ ላይ ስንት ፊልም ቀርቧል፣ ዳባት ሆይ አንቺ ከማን ታንሻለሽ ይላል። «አሁን እዚህ ላይ ትንፋሽሽን ያዥ» አሉኝ፤ «‹የቀረ› በይና ቁሚ። ከዚያ ‹በፊልም› ብለሽ ጨርሺ።» እንደዚያ አድርጌ አልኩት፤ ስንት ነው ደባርቅ ላይ የቀረ... በፊልም። በፊልም ምክንያት ደባርቅ ላይ የቀረው ሰው ስንት ነው። «ሽማግሌ ይፈታዋል» አሉ የኔታ። «ጆሮው ቅኔ የለመደ አንድ ሰው ከገበያው አይጠፋም።»

ዳባት ገበያ ስንደርስ የፓርቲው ላንድሮቨር ላይ ቆሜ ማጉያውን ያዝኩ። ካድሬው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሳልቆም በቀጥታ አልኩት። ካድሬው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። መኪናው ወደ እህል ተራ ሲዞር ግን ትንፋሼን ያዝኩ። የቀረ። ዝም። በፊልም። በእግሬ ያቆመኝ ንዴት ነበር።

መጀመሪያ ማንም የገባው አይመስልም። ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ግን እጇን ከመደቧ ላይ አነሳች፣ ቀና ብላ አየችኝ። አፏ የእኔን ቃል ሲደግም አየሁ። ከዚያ ከንግዷ ተነሥታ፣ ሽንኩርቱን እዚያው ትታ፣ ገመድ ወደሚሸጠው ጎልማሳ ሄዳ በጆሮው ነገረችው። እኔ ማጉያውን ይዤ ዞርኩ፣ ደጋገምኩት። ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ስናልፍ የገመዱ ሰው የለም፤ ገመዱ ብቻ ተቀምጧል።

አዳራሹ ሞላ። ካድሬው ወደ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ሲለወጥ ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጥምጥም ያደረጉ ቄሶች፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ መነኮሳት፣ ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች። ነጭ ሽንኩርት ሻጯም ከፊት ተቀምጣለች። ከአርባ ዓመት በታች የሆነ አንድ ወንድ የለም።

«ወጣቶቹስ የት አሉ?» አለ ካድሬው።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን እንዳስደገፉ መለሱለት። «ስለ ወጣቱ እንጃ፣ ጌታው። እኛ ግን የዘመኑን ጥበብ እንይ ብለን መጥተናል። ጀምሩልን እንጂ።»

ደጅ የቆሙት ወታደሮች በበሩ ብቅ እያሉ ተመለከቱ። አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ሲያዞር አይቻለሁ። ካድሬው ሽማግሌዎቹን በትኖ እንዳይወጣ ራሱ የጠራው ዝግጅት ነው፤ ተቀመጠ። የፊዚክስ መምህሩ አንድ እጁ ደረቱ ላይ ታስሮ በሌላው ፕሮጀክተሩን አስነሣ።

ያን ቀን ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተናገርኩት። በሕዝብ ፊት ሳይቋረጥ ያለቀው ያኔ ብቻ ነው። የውሻው ትዕይንት ሲመጣ ድምፄ ተሰበረ፤ አሮጊቶቹ ሲስቁልኝ እንደገና አገኘሁት። ዓይኑ የጠፋው ሰው ድንጋዩን ሲዳስስ ሽማግሌዎቹ ከምርኩዛቸው ቀና አሉ። እጇ ከመስኮቱ ሲወጣ አንዲት አሮጊት «እሰይ ልጄ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንድ በአንድ እጄን ጨበጡኝ። ማንም ስለ ግጥሙ አላነሳም። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ግን እጄን ይዛ ትንሽ አቆየችው።

ማምሻውን ካድሬው ወደ ቢሮ አስጠራኝ።

«ማነው የነገራቸው?»

«በማጉያ ያልኩትን አንተም ሰምተሃል። አጠገቤ ነበርክ።»

«ድገሚው።»

ሳልቆም አልኩት። አዳመጠ። ከዚያ ራሱ በሹክሹክታ ደገመው፤ ግጥም ወዳጅ አይደል። ሁለተኛ ደገመው። በሦስተኛው ከንፈሩ «የቀረ» ላይ ቆመ፣ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ተነሥቶ በጥፊ መታኝ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ ያ ነው ክፉኛ ያሳሰረኝ ይመስለኛል።

ክረምት እስኪገባ ድረስ ደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ ታሰርኩ። የኔታን ሊጠይቋቸው ሄደው ነበር። «እኔ የማውቀው የግዕዝ ነው፣ ስለ ፊልም ምን አውቄ» ብለው መለሷቸው። እስር ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ሳያስታጉሉ እየመጡ በጣቢያው አጥር ቀዳዳ ቆሎ ይሰጡኝ ነበር። ስፈታ በዝውውር ስም ወደ መካነ ብርሃን ጣሉኝ፤ መኪና የማይደርስበት፣ በእግርና በበቅሎ የሚኬድበት ሀገር። የፊዚክስ መምህሩ ማንም ሳያዛውረው ማመልከቻ ጽፎ ተከተለኝ። ካድሬውን ደግሞ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከፍ አደረጉት። የደባርቁ ኮታ ሞልቶለታልና።

ደርግ ወድቆ ዓመታት ካለፉ በኋላ ጎንደር መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘኝ። አርጅቷል፣ ካኪው የለም። ሳልጋብዘው ተቀመጠ።

«እስከ ዛሬ በቃሌ ነው» አለና ስለ መስኮቱ ያለውን የየኔታን ስንኝ ከነዜማው አለልኝ። «ክፉ ዘመን ነበር፣ እህቴ። ሁላችንም ተጎድተናል።»

«ሁላችንም አትበል» አልኩት። «እህቴም አትበለኝ። ዘመን በር አይቆልፍም። ያን በር ያስቆለፍከው አንተ ነህ። እስቲ ስማቸውን ንገረኝ፣ ከዚያ አዳራሽ ያስወሰድካቸውን። ግጥሙን በቃልህ ከያዝክ የአንዱን ስም አታጣም።»

አንድም ስም አልነበረውም። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

የጊቹ ሰው አልተመለሰም። ከዚያ አዳራሽ ከተወሰዱት የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በየመንገዱ ዳር እየለመኑ፣ እግራቸው ቆስሎ። ለሚስቱ መርዶ እንኳን የነገራት የለም። ሞቷል ያላት የለም፣ አለ ያላት የለም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይወጣም፣ ተዝካር አይወጣም፣ ሴት ልጅ እንደ መበለትም እንደ ባለ ትዳርም ሳትሆን ትኖራለች። በየቢሮው ደጅ ጠንታለች። መንግሥት ሲለወጥ አዲሶቹም ያለፈው መንግሥት ጉዳይ ነው ብለው መለሷት።

በመጨረሻ ራሷ ወሰነች። ሽማግሌዎቹ «ሳይረዱ አይለቀስም፣ ሟርት ነው» ቢሏት አልሰማቻቸውም። ጌሾዋን ወቅጣ፣ ገብሷን አዘጋጅታ፣ ካህናት ጠርታ ለቅሶውን አወጣች። እኔና ባለቤቴ ጊች ድረስ ወጣን። እንደ ደንቡ የሟቹን ልብስ የሚያሳዩበት ሰዓት ሲደርስ አንድ ሱሪና አንድ ጋቢ ይዛ ወጣች፤ የሠርጉ ጋቢ ነው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እርሷ አላለቀሰችም። ጋቢውን ለሕዝቡ ዘርግታ አሳየችና፣ «እዩት። ሰው ነበረ። ስም ነበረው» ብላ ስሙን ጠራች። ሕዝቡም ተቀብሎ ስሙን ጠራው። እኔም ከሴቶቹ መካከል ቆሜ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ጠራሁት።